በይሉኝታ የገዛኋት ጠመንጃ

ስሙኝማ፣ ይቺን ስሙኝና እናንተው ፍረዱ። የሆነው ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ነው፣ እዚሁ ፍራንክፈርት። ይረሳል ብዬ ነበር። አልተረሳም፤ ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል።

እኔ ኒደርራድ የሚባል ሰፈር ቢሮ ነው የማጸዳው። ትምህርት ከስምንተኛ አቋርጫለሁ፣ በሕይወቴ በምንም ነገር አንደኛ ወጥቼ አላውቅም። አንድ የምችለው ነገር ዒላማ መተኮስ ነው። ጀርመኖቹ ፌራይን የሚሉት የተኩስ ክለብ ከገባሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። በክለቡ ጠመንጃ ተኩሼ ሃያ ዓመት የቆዩትን እበልጣቸው ነበር። የጠመንጃ ፈቃዴንም ስንት ፈተና አልፌ አውጥቻለሁ።

ያኔ ቡድኑ ውስጥ አንድ ቦታ ተለቀቀ። ጥቅምት ላይ ማጣሪያ አለ፣ ግን ሁሉም የራሱን ጠመንጃ ይዞ ይምጣ ተባለ። እቺን ቦታ እንዴት እንደፈለግኳት አትጠይቁኝ።

አሰልጣኛችን ሄልሙት የሚባል ሰውዬ ነው። ኪሴን ያውቃል፣ ለአዲስ አትድረስ፣ ያገለገለ ፈልግ አለኝ። መልኳን አትይ፣ አፈሙዟን እይ። ድጋፍ ላይ አስቀምጠህ አምስት አምስት ጥይት ተኩስባት፣ የጥይቱንም ዓይነት እየቀያየርክ፣ ምክንያቱም እያንዳንዷ የምትወደው ጥይት አላት። ቀዳዳዎቹ ካልተጠጋጉ ጥለሃት ውጣ አለኝ።

ሳክሰንሃውሰን ሰፈር አንድ የጠመንጃ ሱቅ አገኘሁ። ጠመንጃዋ ሰደፏ የተላላጠ፣ አስቀያሚ ነገር ናት። ሻጩ ምድር ቤት ባለው መተኮሻ አስሞከረኝ። በርካሹ ጥይት አምስቱ ቀዳዳ አንድ ላይ ገጠመ። እስከ ቅዳሜ ያዝልኝ ብዬው ወጣሁ።

ይሄኔ ነው ጋሽ ወርቁ ጠመንጃ ልገዛ መሆኑን ሰምተው የመጡት። ክለቡ ውስጥ ከእኔ ሌላ ያሉት ሐበሻ እሳቸው ብቻ ናቸው። እዚህ አገር ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ቦናመስ ሰፈር እኔ ካለሁበት ሕንፃ ጎን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ክለቡ ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው፣ ሐቅ ነው፣ አልክድም። እንጨቷ በዘይት ታሽቶ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ጠመንጃ አለቻቸው።

«የሱቅ ውራጅ ምን ያደርግልሃል፣ በዛው ዋጋ የኔን ውሰዳት» አሉኝ። «ዓይኔ ደከመ እንጂ ለማንም አልሰጣትም ነበር።»

እስቲ አንዴ ልተኩስባት ማለት ነበረብኝ። እኔ እኮ ምላሴ የማይፈራ ሰው ነኝ፣ አለቃዬን ፊት ለፊት የምናገር። እሳቸውን ግን እንዴት? ያባቴ እኩያ ናቸው፣ ቃላቸውን ልፈትሽ ማለት ስድብ ነው። አፈሙዟን እንኳ ጎንበስ ብዬ አላየሁም። አመስግኜ ከፈልኩ፣ ወረቀቷ በስሜ ዞረ፣ ሱቁ ደውዬ ተውኩት አልኩ።

መጀመሪያ ቀን ስተኩስባት ቀዳዳዎቹ እንደተበተነ ሽንብራ ሆኑ። ጥይት ቀየርኩ፣ ያው። ድጋፍ ላይ አስቀመጥኳት፣ ያው። እሳቸውን ስጠይቅ ትንፋሽህን አትይዝም፣ ሥራ ያደክምሃል፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል አሉኝ። እኔም ጅሉ አመንኩ። እስከ ማጣሪያው ድረስ የገዛ እጄን ስረግም ከረምኩ።

ማጣሪያው ላይ ከስምንት ሰው ሰባተኛ ወጣሁ። በክለቡ ጠመንጃ በየሳምንቱ የማሸንፈው ልጅ ቦታዋን ወሰዳት።

ከዛ በኋላ ሄልሙት ጠመንጃዋን ተቀብሎ አፈሙዟን በባትሪ አየው። መጥረጊያውን ዘንግ ለዓመታት በፊት በኩል እየከተቱባት ጫፏ ተበልቷል፣ ከዚህ በኋላ የትም አትመታም፣ ድሮም ጠርጥሬያት ነበር አለኝ። ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም ብዬ ጮህኩበት። እሱ ደነገጠ።

«ካንተ በፊት ሁለት ጀርመኖች ሞክረዋት መልሰውላቸዋል» አለኝ። «አንተ ስትገዛት ሞክረህ የወደድካት መሰለኝ።»

እሑድ ጋሽ ወርቁን ሕንፃቸው በር ላይ ጠበቅኳቸው። ሰላምታም ሳልሰጥ ለምን የተበላሸች ጠመንጃ ሸጡልኝ አልኳቸው። ያገለገለ ዕቃ ነው፣ ዓይተህ ገዛህ፣ አሁን ደግሞ ሽማግሌ ልትደፍር ነው ወይ አሉኝ። የሰፈሩ ሐበሻ ተሰበሰበ፤ ተው፣ አባትህ ናቸው እያለ የያዘው እኔን ነው። እሳቸውን አንድም ሰው አንድ ቃል አልጠየቃቸውም።

ጠመንጃዋ ካዝና ውስጥ ተቆልፋለች። ለሌላ ሰው ልሽጣት ብል እንደሳቸው መዋሸት ሊኖርብኝ ነው፣ አላደርገውም። ክለቡ ሄጄ እተኩሳለሁ፣ አጠገባቸው ግን አልቆምም። ይቅር በል ትሉኝ ይሆናል፤ እስካሁን ይቅርታ የጠየቀኝ የለም።

ጋሽ ወርቁ፣ ይሄን እንደሚያነቡት አውቃለሁ። ሁለቱ ጀርመኖች እንሞክራት ሲሉዎት አውጥተው ሰጧቸው። እኔ ጋ የመጡት ግን ልሞክራት ለማለት እንደማፍርዎት አውቀው አይደለም ወይ?