«ትንሽ አሞት ነው» ሲባል

መጀመሪያ የጠፋኝ ቃል «ነዶ» ነው። አምባሰል ውስጥ አንዲት ቀበሌ፣ ሃያ ያህል ገበሬዎች ፊት ቆሜ ስለ ጤፍ አጨዳ አስረዳለሁ። የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እንጀራዬ ወሬ ነበር። ለውጥ መጣ ሲባልም፣ መሥሪያ ቤቱ ስሙን ሲለዋውጥም፣ ገበሬው ፊት ቆሞ የሚለፈልፈው ያው እኔ ነበርኩ። «ከታጨደ በኋላ» አልኩና ቆምኩ። ታስሮ ተጋድሞ ይታየኛል። ስሙ ግን የለም። «ያ... የሚታሰረው» ስል አንዱ ገበሬ ሳቀና «ባለሙያው ዛሬ ጫቱ በርትቶበታል» አለ። አብሬው ልስቅ ስል የአፌ ቀኝ ጎን አልታዘዝ አለኝ።

ምላሴ ከበደ። ደብተሬ ከቀኝ እጄ ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ አልኩ። በዚያው ቀረሁ።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ለታመመ ሰው፣ ይልቁንም ለአስታማሚው ነው። የምጽፈው ስልክ ላይ፣ በግራ እጄ፣ በአንድ ጣት ነው። አንድ አንቀጽ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል፤ ስለዚህ ለማሳመር ብዬ የምጨምረው ነገር የለም።

ገበሬዎቹ ክፉ አላሰቡም። «ምች መታው» ብለው ጥላ ሥር አስተኙኝ፤ ዳማከሴ አሽተው አሸተቱኝ፣ ፊቴንም ቀቡኝ። ሦስት ሰዓት እዚያ ተኛሁ። ሁሉን እሰማለሁ። «ሐኪም ቤት ውሰዱኝ» ልል አፌን ስከፍት የሚወጣው «አብሽር» ብቻ ነው። አብሽር የእኛ አገር ሰው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ አይዞህ የሚባባልበት ቃል ነው። እኔ ማንንም ማጽናናቴ አልነበረም። ሌላ ቃል ስላልነበረኝ ነው። እነሱ ግን «እሱ ራሱ አብሽሩ እያለን ነው፤ ተሽሎታል» ብለው ደስ አላቸው። ሦስቱ ሰዓት ያለፈው እንዲህ ነው።

ደሴ ሆስፒታል ስደርስ ቀኝ እጄና ቀኝ እግሬ የእኔ አልነበሩም። ሐኪሙ ሲቲ ስካኑን አይቶ ባለቤቴን ፋጡማን ጠራት።

«ስትሮክ ነው። በግራ የአንጎሉ ክፍል የደም ሥር ተዘግቷል። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስድ ነበር?»

«ይወስድ ነበር። ደህና ነኝ ብሎ ካቆመው ዓመት አልፎታል» አለች። እውነቷን ነው። ስንፍና እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

«የምንለውን ይረዳል» አላት ሐኪሙ። «ያሰበውን ወደ ቃል መለወጥ ነው ያቃተው፤ አፌዥያ እንለዋለን። የምላሱና የከንፈሩ ጡንቻም ደክሟል፤ እሱ ዲስአርትሪያ ነው። ሕፃን አይደለምና እንደ ሕፃን አታናግሩት።»

ተርቤ አብሽር። ሽንቴ መጥቶ አብሽር። ጎኔን አሞኝ አብሽር። ፋጡማ ዞር ብላ ስታለቅስ አብሽር። ያን ጊዜ እንኳ ቃሉ ቦታው ላይ ዋለ።

እናቴ አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ባለው ቤታችን ከእህቴ ከዘይነብ ጋር ትኖራለች። ሁለቱም ዓይኖቿ ማየት ካቆሙ ስምንት ዓመት አልፏል። ሰውን የምታውቀው በአነጋገሩ ነው። ሰውየው ገና ከደጅ «አሰላሙ ዐለይኩም» ሲል የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየት ሰፈር እንደመጣ፣ ተጣልቶ እንደሆነ እንኳ ትናገራለች። እኔ ደግሞ፣ ራሴን ማወደስ አይሁንብኝና፣ አነጋገሩ ይጣፍጣል የሚባልልኝ ሰው ነበርኩ። ጎተት፣ ቀለስ አድርጌ ስናገር ሰው የወሎ ልጅ መሆኔን ሳይጠይቀኝ ያውቃል። እማ በየቀኑ ስደውልላት ጉዳይ ቢኖርም ባይኖርም ዝም ብላ ታዳምጠኝ ነበር።

በታመምኩ በማግስቱ ሳልደውልላት ስቀር ራሷ አስደወለች። ከአዲስ አበባ የደረሰልኝ ታናሽ ወንድሜ ይማም አንስቶ፣ «ደህና ነው፤ ትንሽ አሞት ነው፤ አሁን ተኝቷል» አላት። በሦስተኛው ቀንም ይህንኑ አላት። በሳምንቱም። እንዳትደነግጥ ብሎ ነው።

ወንድሜ ብዙም አልዋሸም። ችግሩ ሰው ሲሞትብን የምንለውም ይህንኑ መሆኑ ነው። ቤተሰቡ ርቆ የሞተበት ሰው ወዲያው አይነገረውም፤ «ትንሽ አሞት ነው» እየተባለ ይቆይና ቀን ተመርጦ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ መርዶው ይነገረዋል። ያ ዓመት ደግሞ ጦርነቱ ወደ እኛ እየገሰገሰ የነበረበት ዓመት ነው። በአካባቢው መርዶ ያልገባበት ቤት ማግኘት ከባድ ነበር። እማ ይህን ሁሉ ትሰማለች።

ሁለት ሳምንት ሲሞላኝ አንዳንድ ቃል መጣልኝ። እሷም «ድምፁን ካላሰማችሁኝ» ብላ ልመናዋን ስታበዛ ይማም ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያዘልኝ።

«እማ... ደ...ህና... ነኝ» አልኩ። ቀኑን ሙሉ የተለማመድኩት ነው። ድምፄ ለራሴም ይሰማኛል፤ ጠፍጣፋ፣ መውጫ መውረጃ የሌለው። ረጋ ብላ «ስልኩን ለይማም ስጠው» አለች።

ይማምን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ይህን ሰውዬ ከየት አመጣችሁት?»

በዚያው ሳምንት የደሴ ሰው ጦርነቱን ሸሽቶ ከተማዋን መልቀቅ ጀመረ። የሆስፒታሉም ሰው ወጣ። እኔን ጭነት መኪና ላይ ከፍራሽ ጋር ጫኑኝ። እነ እማ ባሉበት አካባቢ ስልክ አይሠራም ተባለ። መንገዱ በሰው ሞልቷል። ኬላ ላይ ወታደር ስሜን ጠየቀኝ። «ሁ...» አልኩ። ሁሴን ማለት አቃተኝ። ደግሞ ጠየቀኝ፤ ድምፁ ጠነከረ። በዚያን ጊዜ አንደበቱ የማይገባ ሰው ያስፈራ ነበር፤ አልፈርድበትም። ፋጡማ ከኋላ «በሽተኛ ነው የኔ ወንድም፤ ወላሂ አፉ ተይዞ ነው» ስትል ፊቱ ተለወጠ። «የወሎ ሰዎች ናችሁ፤ እለፉ» አለን። ያሳለፈን የእሷ አነጋገር ነው። የእኔ ከየትም አልነበረም።

አዲስ አበባ ይማም ቤት አረፍን። እዚያ ፊዚዮቴራፒውን ጀመርኩ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ንግግር የምታሠለጥነኝ ወጣት ባለሙያ ተገኘችልኝ፣ እኔም መስታወት ፊት ተቀምጬ ከንፈሬን እየሰበሰብኩ፣ ጉንጬን እየነፋሁ፣ ማንኪያ ሲያሳዩኝ «ማንኪያ» ለማለት ግንባሬ እስኪወዛ እየታገልኩ ሰነበትኩ። አንዳንድ ቀን የተማርኩትን በማግስቱ አጣዋለሁ። ደከመኝ። አንድ ጊዜ ተናድጄ ብርጭቆ ወረወርኩ፤ ከዚያ በኋላ ፋጡማ የፕላስቲክ ገዛች። ልጅቷ ግን ታጋሽ ነበረች፣ ምንም አልደበቀችኝም።

«ቃሉ ቀስ በቀስ ይመጣል» አለችኝ። «የአነጋገርህ ዜማ ግን ላይመለስ ይችላል። የሚያውቁህ ሰዎች ሌላ ሰው መሰልከን ቢሉህ አትዘን፤ የጉዳቱ ጠባይ ነው።»

አትዘን ማለት ቀላል ነው።

ጦርነቱ ከአካባቢያችን ገለል ብሎ ስልክ ሲሠራ መጀመሪያ የደወለችው ዘይነብ ናት። ሁሉም በሕይወት አሉ። አልሐምዱሊላህ ብለን ሳንጨርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እማ ለቅሶ ተቀምጣለች» አለች። «ለማን?» አላት ይማም። «ለሁሴን።»

ስልኩን ስጪያት አልኳት። እማ ግን አልያዘችም። ከሩቅ ስትናገር ሰማኋት፤ «ያን ሰውዬ አታምጡብኝ፤ የልጄን መርዶ አርዱኝና ልረፍ።» የአርባውን ሰደቃ ለማድረግ ዘመድ እየጠራች ነበር። አርባ የሚለውን የቆጠረችው እኔ ስልክ ላይ ካናገርኳት ቀን ጀምራ ነው። ሰደቃው ሊደርስ አምስት ቀን ቀርቶታል። በሕይወት ሳለሁ እናቴ የእኔን አርባ ልታወጣ ነው። አዲስ አበባ የሚያየኝ ሐኪም መንገዱ ይቆይ ቢልም በማግስቱ ተነሳን።

ቤት ስንገባ ጎረቤት ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ሴቶቹ ሲያዩኝ አለቀሱ። እማ «ምንድነው?» አለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። «እማ... እኔ ነኝ።»

እጄን ፈለገች። ሞኝነቴ፣ ልማድ ሆኖብኝ የሰጠኋት ቀኙን ነው። ከስቷል፣ አይጨብጥም። ደባብሳ መለሰችልኝ።

«ይህ የሽማግሌ እጅ ነው። ልጄ ገና አርባ ዓመት አልሞላውም» አለች። ቀጥላም «ደክመህ መጥተሃል፣ አላህ ይስጥህ፤ ምሳ አቅርቡለት» አለች። እንደ ለቅሶ ደራሽ እንግዳ ምሳ ቀረበልኝ። በላሁም፤ ምን ላድርግ?

ሰው ሁሉ ይምላል፣ ይገዘታል። በማሉ ቁጥር እሷን ይብስባታል። ዘይነብ ወደ ደጅ አወጣችኝና እየተቆጣች ተናገረችኝ። «ለምን እንደማታምነን ጠፍቶህ ነው? በአባ ጊዜ ማን ነበር የዋሻት?»

አልጠፋኝም። አባታችን አዲስ አበባ ለሕክምና ሄዶ ሲሞት የቀበርኩት እኔ ነኝ። ከቀብሩም በኋላ ሦስት ሳምንት በየቀኑ እየደወልኩ፣ «ዛሬ በላ፣ ዛሬ ተቀመጠ፣ አሁን ተኝቷል» ያልኳት እኔ ነኝ። ያን የሚጣፍጥ አንደበቴን ሁሉ አፈሰስኩበት። መርዶው ሲነገራት አንድም ቃል አልወቀሰችኝም፤ እኔም አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ሳልላት ዓመታት አለፉ። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ዘይነብን፣ ምንም ብቸገር ቃል እንዳታቀብለኝ በእጄ አፌን ይዤ አሳየኋት። እማ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጀመርኩ።

«አባ... ተ...ቀብሮ። እኔ... በላ... አልኩሽ።»

ቀጣዩ ቃል አልመጣ አለ። ጠበቀች። ዘይነብ ከንፈሯን ነክሳለች።

«ዋ...ሸሁ። እ...ማ። አውፍ... በይኝ።»

«ሾርባ ጠጣ ያልከኝ ቀንስ?» አለች። ያን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

«ከተ...ቀበረ... አሥራ... አንድ... ቀኑ።»

እጇን ዘርግታ ደረቴን ደበደበችኝ። ጉልበት የላትም፤ ግን አመመኝ። «ሾርባ ጠጣ ብለኸኝ ሹክር ብዬ ሁለት ረከዓ ሰግጃለሁ! ለተቀበረ ሰው!» አለች። ጭንቅላቴን ስባ ጭኗ ላይ አስተኛችና እያለቀሰች፣ «ምነው ያኔስ ይህ ምላስህ እንዲህ በተሳሰረልኝ፣ አንተ ሁሴን» አለች። ሴቶቹ ተነስተው የለቅሶውን ምንጣፍ ጠቀለሉ። ሰደቃውን በቀኑ አደረገችው፤ ግን ስለተረፍኩ ነው።

አሁን ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። በከዘራ እሄዳለሁ። ቢሮ ተቀምጬ ወረቀት እመዘግባለሁ እንጂ ገበሬ ፊት አልቆምም። ቃሉ አብዛኛው ተመለሰ፤ ዜማው አልተመለሰም። ባጃጅ ውስጥ የማያውቀኝ ሰው ከየት መጣህ ይለኛል፤ ከዚሁ ስለው አያምነኝም። እማም አንዳንዴ የድሮው ድምፄ እንደናፈቃት ትነግረኛለች። እኔም ይናፍቀኛል። እንዲህ ብሎ ማውራት ለሁለታችንም ይሻለናል።

የግፊት መድኃኒታችሁን ደህና ነኝ ብላችሁ አታቁሙ። የሰው አፍ ሲጣመም፣ ቃል ሲጠፋው፣ ምች ነው ብላችሁ ጥላ አትፈልጉ፤ መኪና ፈልጉ። ለእናቱ ስትደውሉ «ትንሽ አሞት ነው» አትበሉ፤ የበሽታውን ስም ንገሯት፣ ብትደነግጥም ትደንግጥ። ስልኩንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ለእሱ ስጡት። አብሽር ብቻ ቢልም ይበል።

ደሴ ላይ ላከመኝ ሐኪም፣ ማንኪያን ላስተማረችኝ ልጅ፣ ፍራሽ ላይ ሆኜ ሦስት ቀን ሙሉ አንገቴን ደግፋ ለያዘች ለፋጡማ አላህ ይስጥልኝ። ከሁሉ በላይ ግን ለእማ። ሌላው ሰው ቃሉ ሲቸግረኝ ያቀብለኛል፣ ወይም ሰዓቱን ያያል። እሷ እስክጨርስ ትጠብቀኛለች። አርጅታለችና አንዳንዴ መሃል ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ ስትነቃ «እሺ፣ ከዚያስ?» ትለኛለች፣ እኔም ካቆምኩበት እቀጥላለሁ።