እማዬን በደም ሥሯ አጥብቶ የቀማኝ ዶክተር

አላመንኩም። አሁንም አላምንም። ገና በማለዳው ጎረቤታችን ደውላ "ዶክተር ኢዮብ ከቴፒ ሲመለስ መኪናው ተገልብጦ..." ስትለኝ "የትኛው ኢዮብ?" አልኳት። ሚዛን ከተማ ውስጥ ሌላ ዶክተር ኢዮብ እንደማላውቅ እያወቅኩ።

ጓደኞቼ፣ እዚህ ፌስቡክ ላይ ጥሩ ጥሩውን የሚጽፉለት ብዙ ናቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ ሳነብ ነው የዋልኩት። እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ። በዚህ ሰው እቀና ነበር። ዛሬም፣ ሞቶም፣ እየቀናሁበት ነው።

ለማታውቁት ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ የግፊት ኪኒን የምትወስድ አሮጊት ናት። በሁዳዴ ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃ እንኳ በጉሮሮዋ አያልፍም። የጠዋቱን ኪኒን ታዲያ ምን ብታደርገው ጥሩ ነው? እኛ የዋጠችው መስሎን እሷ በክብሪት ቀፎ ታጠራቅመው ኖሯል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ራሷን ፈለጣት። "ግፊቴ ተነሳ፤ መድኃኒቱን ስላስቀረሁ ነው" ብላ የተጠራቀመውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ዋጠችው። የቀረባትን ማሟላቷ ነው!

በባጃጅ ሆስፒታል ስናደርሳት ሰውነቷ ቀዝቅዞ፣ የልቧ ምት እየደከመ ነበር። ለካ ያ ኪኒን በልኩ ሲወሰድ ልብን የሚያረጋጋውን ያህል፣ ሲበዛ ጭራሽ ያስተኛዋል። ዶክተር ኢዮብ ካልሲየሙንም፣ ልብ የሚያነቃቃውንም መድኃኒት ሰጣት። የወረደው ግፊቷ አልነሳ አለ። እኔ እሪ ስል ዞር ብሎ "ገና ነን እህቴ፣ ገና ነን" አለኝ።

አነጋገሩ ይህች ነበረች። ታማሚ ተስፋ ሲቆርጥም፣ መብራት ሲጠፋም፣ ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀርም "ገና ነን" ነው።

ከዚያ ነጭ፣ ወተት የመሰለ ነገር በጠርሙስ ይዞ መጣ። መብላት ለማይችሉ ታማሚዎች በደም ሥር የሚሰጥ ስብ ነው አለኝ። "ኪኒኑ ስብ ይወዳል። ደሟ ውስጥ ስብ ሲያገኝ ልቧን ለቆ ወደዚያ ይሳባል ብለን ነው። የመጨረሻ ሙከራችን ነው፤ ዋስትና አልሰጥሽም።" እንደ ጉሉኮስ ሰቀለውና አጠገቧ ቆመ። ቆይቶ ቆይቶ ግፊቷ ከፍ አለ፤ እጇም ሞቀ።

በማግሥቱ ነቃ ስትል መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ እኔ እንዳይመስላችሁ። ጠርሙሱን አይታ "ምንድነው ያጠጣችሁኝ? ወተት ነው? ጾሜን አስገደፋችሁኝ?" አለች።

"ዘይት ነው እማማ፣ አይጨነቁ። የአኩሪ አተር ዘይት ነው" አላት ጎንበስ ብሎ። ፊቷ በራ።

ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ ግን "የእንቁላል አስኳልም አለበት። እሱን ለእኔ ተዪው፤ ከፈጣሪ ጋር እኔ እነጋገርበታለሁ" ብሎ ሳቀ። እማዬ ፌስቡክ አታይም። ሄዳችሁ የምትነግሯት ካላችሁ እንተዛዘባለን።

ቅናቴ የጀመረው ከዚያ ነው። በአባቶቻችን ወግ ማር የተቀባ አውራ ጣት የጠባ ሰው ለባለ ጣቱ የጡት ልጅ ይሆናል። እማዬ ታዲያ "ያጠባኝ እሱ ነው፤ የጡት አባቴ ነው" ብላ ለዕድሩም ለሰፈሩም አወጀች። ሰውየው እኮ ከእኔም በዕድሜ ያንሳል!

ከዚያ ወዲህ እሑድ የእሱ ሆነ። ከቸርች እንደወጣ ወደ እኛ ነው። የፍስክ ጊዜ ከሆነ፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ ማንም ያልቀመሰውን የዶሮ ፈረሰኛ ለእሱ ታወጣለች፤ ለእኔ ክንፍ። ዕድሜዋን ሙሉ ሚዛን ኖራ ያልሞከረችውን ቤንችኛ፣ የእሱ አፍ መፍቻ ነው ብላ ሰላምታ ተማረች። እኔ "ኪኒንሽን ዋጪ" ስላት ጆሮ ዳባ ልበስ፤ እሱ ደውሎ ሲነግራት ስልኩን ሳትዘጋ ትውጣለች። ስንቴ ያ የእንቁላል ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ተመልሷል መሰላችሁ።

ዛሬ ሽማግሌዎች መጥተው አረዷት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች "አባቴ! አባቴ!" አለች። ለቀስተኛው ግራ ገብቶት እኔን ያየኛል። እኔ ደግሞ በሩ ላይ ቆሜ ያሰብኩት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? እኔ ብሞት እንዲህ ታለቅስልኝ ይሆን? ብዬ ነው።

ልደግፋት ስጠጋ እጄን ገፋችው። "ተዪኝ፣ አንቺ አልወደድሽውም" አለችኝ። ታውቅ ኖሯል።

ኢዮብ፣ ይኸው እንደተመኘሁት እማዬን ለብቻዬ አገኘኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ኪኒኑን ብለምናት፣ በአባቴ አጥንት ብላት፣ አልውጥም ብላለች። ያንን "ገና ነን" የምትለውን አንድ ቃል አንተ ብትነግራት ኖሮ ተነስታ ትውጠው ነበር። እስቲ አሁን እኔ ምን ልበላት?

እንግዲህ አንተ የእናቴ አባት ከሆንክ፣ ለእኔ ምኔ ልትሆን ነው? አያቴ ነህ። አንድም ቀን በአፌ ብዬህ አላውቅም። አሁን እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወደ እሷ ልግባ። ላባብላት ሳይሆን አብሬያት ላለቅስልህ።

ደህና ሁን፣ አያቴ።