የጋሽ ንፋስ አውራ ጣት

ሰፈሩ ጋሽ ንፋስ የሚለው ሰውዬ የላፕቶፕ ማራገቢያ ጠጋኝ ነው። ስሙን ያወጣለት አንድ ደንበኛ ነው። እንደ ምጣድ የሚግል ኮምፒውተሩ ተጠግኖ ሲነሳ፣ ከጎኑ የወጣው አየር ፊቱን ዳበሰውና «ጋሽዬ፣ እርስዎ እኮ ንፋስ ነዎት!» አለ። ከዚያ ወዲህ በእውነተኛ ስሙ የምትጠራው ባለቤቱ ብቻ ናት፤ እሷም ስትቆጣ።

የላፕቶፕ ሆድ ሲከፈት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ መጀመሪያ ያየሁ ዕለት አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ትንሽ ከተማ ነው የሚመስለው። ከመሐሉ የመዳብ ቧንቧ ትኩሳቱን ተሸክሞ ወደ ዳር ይወጣል፤ ዳር ላይ መዳፍ የማትሞላ ማራገቢያ ትጠብቀዋለች። የማራገቢያዋ ቀጫጭን ሽቦዎች ቧንቧውን ታክከው ስለሚያልፉ በፕላስተር መያዝ አለባቸው። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። የተራ ፕላስተር ሙጫ ሙቀት ሲነካው ይቀልጣል፣ ይንሸራተታል፣ ክንፎቹ መሐል ገብቶ ማራገቢያዋን ቀጥ ያደርጋታል። ሙቀት የሚችለው ፕላስተር ስስ ነው፤ የማር ቀለም አለው። ርካሹም ግን ያንኑ የማር ቀለም ለብሶ ይመጣል።

ጋሽ ንፋስ ሁለቱን የሚለየው በአውራ ጣቱ ነበር። ሽቦ፣ ብሎንና ፕላስተር የምትሸጥለት ሴትዮ፣ እሱ እትዬ ሙጫ የሚላት፣ ሱቋ ጥግ ማንቆርቆሪያ አይጠፋም። ከጥቅሉ ቁራጭ ቀድዶ የፈላው ማንቆርቆሪያ ሆድ ላይ ይለጥፋል፣ እስኪግል ይጠብቃል፣ ከዚያ በአውራ ጣቱ ጫፍ ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ቶሎ ያነሳል። ደጉ ንቅንቅ አይልም። ክፉው ዓይን በማያየው ልክ ሸርተት ይላል። «ይሄ ለእኔ፣ ያ ለቀለም ቀቢዎች» ይላል። ቀቢዎች የመስኮት ጠርዝ ይሸፍኑበታልና ርካሹም ገዢ አለው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ልታነብለት ስትል «ወረቀት ይዋሻል እትዬ፤ ጣት አይዋሽም» ይላታል።

በዚህ ዓመት ግን ማራገቢያዎቹ ይመለሱ ጀመር። መጀመሪያ አንዲት አስተማሪ መጣች፤ «ጋሽዬ፣ እንደ ወፍጮ ያጓራል።» ቀጥሎ ፎቶ አንሺው። የሁሉም ሆድ ሲከፈት ያው ነው፤ የማር ቀለም ያለው ፕላስተር ተንሸራትቶ፣ ሙጫው አቧራ ለብሶ ክንፎቹን አስሯል። ደንበኛ ደግሞ ተጣልቶ አይሄድም፤ ሰላምታው ሳይቀንስ እግሩ ይቀንሳል። ጋሽ ንፋስ ሌላ ሙያ የለውም። ጥቅሉን ይዞ፣ ደሙ ፈልቶ እትዬ ሙጫ ዘንድ ሄደ።

«እንዲህ ጉድ ትሠሪኝ!» ጥቅሉን ጠረጴዛዋ ላይ ወረወረው።

«አንተ ሰውዬ፣ ሰላምታም የለም?»

«የቀቢውን ለእኔ ሸጥሽ።»

«እኔ? ሁለቱን ደርድሬልህ መርጠህ የወሰድከው አንተው! ላንብብልህ ብል ጣቴ አይዋሽም ብለህ አፌን ዘጋኸው።»

«እኔ ፕላስተር ላይ አልሳሳትም።»

«አቤት! ሚስትህ እንዴት ቻለችህ በናትህ? ሙቀት የሚችል ሙጫማ እሷ ናት።» ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

«ሁለቱንም አምጪ።»

አመጣች። ከሁለቱም ቁራጭ ለጠፈ፤ ጠበቀ። አውራ ጣቱን አንደኛው ላይ አሳርፎ ገፋ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ እንደሚያዳምጥ ሰው ጸጥ አለ። ምንም። ጠበቅ አድርጎ ደግሞ ገፋ። ጣቱ ፕላስተሩን አልፎ ባዶው ብረት ላይ አረፈ። እዚያው ቆየ።

«አንሳ! ኧረ አንሳው፣ ተቃጠልክ እኮ!» እትዬ ሙጫ እጁን ጎትታ አነሳችው።

ዓይኑን ገለጠ። የአውራ ጣቱ ቆዳ ነጭ ሆኖ ተልጧል። የሌላ ሰው ጣት ይመስል ዝም ብሎ አየው።

«ስኳሩ ነው?» አለችው ቀስ ብላ። በሽታውን ታውቃለች።

«ሐኪሙ ይደነዝዛል ብሎ የሚነግረኝ ስለ እግሬ ነበር። ጫማህን ሳታራግፍ አታጥልቅ ይለኝ ነበር። ስለ እጄ ግን…» አልጨረሰውም።

እጁን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነከረችለት። «በከንቱ ስምሽን አነሳሁ እትዬ» አላት። «ተወው፤ እኛ እኮ ተጣብቀን የቀረን ነን» አለችው። ሁለቱንም ጥቅሎች ሰጠችው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አላነበበችለትም፤ እሱም አልጠየቃት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ባለቤቱን የሚሠራበት ጠረጴዛ አጠገብ፣ ከግራው አስቀመጣት። የቤታቸው ማንቆርቆሪያ ላይ ቁራጭ ለጥፎላታል።

«ገፋ አድርጊና ቶሎ አንሺ።»

«ኡፍ! ይፋጃል!»

«እሱማ ይፋጃል። ተንሸራተተ?»

«እንጃ… አዎ። ትንሽ።»

«ትንሽ እንደ ምን?»

አሰበች። «እንደ እርጥብ ሳሙና።»

ጋሽ ንፋስ ቀና ብሎ አያት። ዕድሜ ልኩን ጣቱ ላይ የኖረ ነገር ነው፤ ስም ሰጥቶት አያውቅም። ሌላ ሰው ስሙን ጠራለት፤ እሱ ካጣው በኋላ።

«እርጥብ ሳሙና» አለ። «አዎ፣ እንደሱ ነበር። ይሄ የቀቢዎቹ ነው።» ሌላኛውን ለጠፈላት፤ ገፍታ አነሳችና «ይሄ ግትር ነው፣ አንተን ይመስላል» አለችው። ፈገግ አለ።

ጥቅሉን በቀኝ እጁ፣ በጨርቅ በታሰረው፣ ወደ ራሱ ሳበው። ዓይኑ የተከፈተው ላፕቶፕ ላይ ነበር።

«ግራ እጅህስ?» አለችው ባለቤቱ።

«ግራው ደህና ነው» አለ።

ከጠረጴዛው ሥር ግራ እጁን ጭብጥ አድርጋ ከያዘችው ቆይታ ነበር።