በሁለት ምስክር ፊት

በዘጠናዎቹ ቶሮንቶ ውስጥ፣ ዓይናቸው የደከመ አንድ አዛውንት የአይሁድ ረቢ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ምግብ አሞቃለሁ፣ መድኃኒት እሰጣለሁ። የቄስ ልጅ ነኝና በኦሪት ሕግ የተጠረጠረች ሚስት ጥፋቷ ወይም ንጽሕናዋ እንዲለይ ስለምትጠጣው ማየ ዘለፋ ከልጅነቴ ሰምቻለሁ። አንድ ቀን የራሴን ጉዳይ ደብቄ ስለዚያ ሕግ ጠየቅኋቸው።

ፊታቸው በራ። ከጥንት ሊቃውንታቸው አንዱ፣ «ውሃውን ከመጠጣቷ በፊት ባል በሁለት ምስክር ፊት ከእገሌ ጋር ብቻሽን እንዳትሆኚ ብሎ ያስጠንቅቃት» ይላል። ሌላው አንድ ምስክር ይበቃል ባይ ነው። አንዱ ማስጠንቀቅ ግዴታ ነው ሲል ሌላው ቢፈልግ ነው ይላል። ሳምንቱን ሙሉ በሁለቱም ወገን ሆነው ተከራከሩልኝ። እኔ ጅሉ የያዝኩት ሁለት ምስክር የሚለውን ብቻ ነበር።

ባለቤቴን አንድ የሥራ ባልደረባዋ ከሥራ ስትወጣ ስካርቦሮ ቤታችን ድረስ በመኪናው ያደርሳት ነበር። ይህ ያንገበግበኛል። ቅዳሜ ሁለት ጓደኞቼን ሶፋ ላይ አስቀምጬ፣ «ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ሰውዬ መኪና ውስጥ እንዳትገቢ!» አልኳት።

«ሺፍት ስጨርስ ታዲያ አንተ ፒክ ታደርገኛለህ?» አለች። መኪና አልነበረኝም። የያዘችውን ሻይ አስቀምጣ መኝታ ቤት ገባች። ጓደኞቼ ሻዩን ጠጥተው ሄዱ።

ሰኞ ለረቢው ደረቴን ነፍቼ ነገርኳቸው። ሹካቸውን አስቀመጡ።

«ውሃው እኮ የለም» አሉ። «ውሃው የሚጠጣበት የኢየሩሳሌሙ ቤተ መቅደስ ከፈረሰ ወዲህ ንጹሕ መሆኗን የሚመሰክርላት የለም። ሊቃውንቱ ዛሬ ማንም ሚስቱን እንዲህ አያስጠንቅቅ የሚሉት ለዚህ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ስለ ክርክሩ ጠየቅከኝ እንጂ ስለ ሚስትህ መቼ ጠየቅከኝ? እሷ ከሰውየው ጋር ብቻዋን ከመሆኗ በፊት ቃልህን ማንሳት ትችላለህ። ዛሬውኑ አንሳ።»

በአውቶቡስ ስትመጣ ጠብቄ፣ «ቃሌን አንስቻለሁ» አልኳት። ጆሮዋ በብርድ ቀልቷል።

«ለእነሱም ንገራቸው» አለች።

ከሁለቱ ጓደኞቼ ለአንደኛው ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሚስቱ ናት። «አይዞህ ወንድሜ» አለችኝ፤ «እኛም ቤተ ክርስቲያን ስንሰማ ደነገጥን። እሷ ደግሞ ጨዋ ትመስል ነበር።» ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ ሁሉንም ሰማች።

«አንተ አነሳኸው» አለችኝ፤ «እነሱ ግን አያነሱትም።»

በወሩ ጥላኝ ወጣች። ጥፋት ነበረባት? አላውቅም። ረቢውን ጠይቄያለሁ፣ ጓደኞቼን አማክሬያለሁ። እሷን ግን አንድም ቀን ለብቻዋ ቁጭ አድርጌ አልጠየቅኋትም።