የዶክተር ዝም-በሉ የክብር ቀን

ከሕፃናት የልብ ሕክምና ክፍሉ ማዶ ባለው ካፌ የሚወራው እውነት ከሆነ፣ ዶክተር ዝም-በሉ ልቡ በተጠገነ ሕፃን ሁሉ ጆሮ ሥር ጎንበስ ብላ አንዲት ነገር ሹክ ትላለች። ምን እንደምትል የሚያውቅ የለም። ሹክ የተባለው ሕፃን ግን በሁለት ዓመቱ የማባዛት ሰንጠረዡን በቃሉ ይለዋል፤ በሦስት ዓመቱ አባቱን ቼዝ ያሸንፋል፤ በአራት ዓመቱ አስተማሪውን ማረም ይጀምራል። "በዓይኔ አይቻለሁ!" ይላል አንዱ ማኪያቶውን እያማሰለ። በዓይኑ ያየው ማኪያቶውን ብቻ ነው።

ሴትዮዋን የሚያውቅ ሰው ይህን ማመን ይቸግረዋል። ሹክ ማለት ቀርቶ ሰላምታ እንኳ ቆጥባ የምትሰጥ ናት። ቆርቆሮ ቀጥቃጭ አባቷ ቤት ስታድግ የሰማችው ኳኳታ ለሦስት ሰው ዕድሜ ይበቃል፤ እናቷ "ራት ቀርቧል" ለማለት ፎጣ ታውለበልብ ነበር። ሐኪም ሆና እዚህ ክፍል ስትመደብ ያው የአባቷ ቤት ጠበቃት። ማሽኑ ይጮኻል፣ በሩ ይላተማል፣ ነርሷና የጽዳት ሠራተኛዋ ከኮሪደሩ ጫፍና ጫፍ ሆነው ይጨዋወታሉ፣ ተማሪ ሐኪሙ ያንቀላፋውን ሕፃን ቀስቅሶ "እንቅልፉ እንዴት ነው?" ይላል።

እሷን ያሳሰባት ነገር ግልጽ ነበር። የልብ ሕመም ይዞት የተወለደ ልጅ አንጎሉ ገና ከማህፀን ጀምሮ በቂ ኦክስጅን ላያገኝ ይችላል። ቀዶ ሐኪሙ ልቡን ሰፍቶ እጁን ይታጠባል፤ አንጎሉ ግን ገና ማደግ አለበት፤ በእንቅልፍ፣ በእናት እቅፍ፣ በጨዋታ። ስለዚህ በሮቹ ላይ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ለጠፈች። ለወንበር እግር ሁሉ ካልሲ አጠለቀች። ኮሪደር ላይ ይንገላቱ የነበሩትን እናቶች አስገብታ ልጆቻቸውን ደረታቸው ላይ አስተኛች። ከሆስፒታል የወጡትንም እየጠራች አነጋገራቸውንና እርምጃቸውን ተከታተለች፤ ወደኋላ ከቀረው ጋር ምንጣፍ ላይ እየዳኸች ተጫወተች። ባልደረቦቿ በወንበሮቹ ካልሲ ሲስቁ፣ እሷንም "ዶክተር ዝም-በሉ" ሲሏት ዓመታት አለፉ።

በኋላ ከሩቅ የመጡ እንግዶች ክፍሉን ጎብኝተው "ድንቅ ነው" አሉ። ይኼኔ ካልሲው ሁሉ ባለቤት በባለቤት ሆነ። ሥራ አስኪያጁም ሐሳቡ ከጥንት ከጠዋቱ የራሱ እንደነበር ድንገት ትዝ አለው። ወዲያው የክብር ቀን ተቆረጠ።

በዕለቱ ጠዋት ዶክተሯ አንዲት ሕፃን አልጋ አጠገብ ቆማለች። ሕፃኗን ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ገና አሁን እናቷ ደረት ላይ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወስዷታል።

"እትዬ ዶክተር፣ ተኛችልኝኮ!" አለች እናቲቱ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች።

"እንዳትነቃነቂ። የዛሬ ሥራዋ ይኸው ነው።"

ይህን ከማለቷ ከመስኮቱ ሥር "ሄሎ! ሄሎ! ቴስት!" የሚል ድምፅ አንባረቀ። ሕፃኗ ክንዷን አወናጨፈች።

ዶክተሯ ደረጃውን በሩጫ ወረደች። ግቢው ውስጥ፣ ልክ ከመስኮቱ ሥር፣ ቁም ሳጥን የሚያካክሉ ሞንታርቦዎች ተገትረዋል። የማርሽ ባንዱ ከበሮ ሆዱ ውስጥ ሰው ያስተኛል። ወንበሮቹ ደግሞ በባዶ እግራቸው ናቸው።

"ዶክተርዬ! ኩራታችን!" አለ ሥራ አስኪያጁ እጁን ዘርግቶ።

"እባክዎ ይህን ከዚህ ያንሱልኝ። ልጅ ተኝታለች።"

"እኛስ ለልጆቹ ብለን አይደል? ተኝተውም ቢሆን ይስሙ ብለን ነው አፉን ወደነሱ ያዞርነው!"

"ሌላ ቦታ ጠፋ?"

"ጥላ ያለው እዚህ ነዋ። እንግዶቹን ፀሐይ ላይ ላስጣቸው እንዴ?"

ጥሩምባ ነፊው ጉንጩን ወጠረ። የመጀመሪያው ተናጋሪ ስለ ጸጥታ ጥቅም ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ። ሁለተኛው ከሱ እንዳያንስ ጠረጴዛ ደበደበ። በመሐል በመሐሉ ባንዱ ሰማዩን ሲቀድ፣ ከላይ የሕፃኗን ማልቀስ የሰማች ዶክተሯ ብቻ ነበረች።

"አሁን ደግሞ" አለ ሥራ አስኪያጁ፣ "ዶክተራችን በሕፃናቱ ጆሮ የሚሉትን ያንን ተአምረኛ ቃል ለእኛም ሹክ ይሉናል!" ካፌው ተነቅሎ የመጣ እስኪመስል ጭብጨባው ቀለጠ።

ዶክተሯ ወደ መድረኩ ወጣች። ማይኩን አልነካችም። የሞንታርቦውን ሽቦ ተከትላ ሄዳ ሶኬቱን ነቀለችው።

ይኼኔ ለቅሶው ለሁሉም ተሰማ። ቀጭን፣ የደከመ ለቅሶ። እንግዶቹ ቀና ብለው መስኮቱን አዩ፤ ጥሩምባ ነፊው ጥሩምባውን ከወንበሩ ሥር ደበቀ። ለቅሶው እያነሰ፣ እየተቆራረጠ ሄዶ እስኪጠፋ ድረስ ዶክተሯ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ቆመች። ከዚያ የፊተኛው ረድፍ እንኳ ካልተጠጋ በማይሰማው ድምፅ ተናገረች።

"በአንድም ሕፃን ጆሮ ምንም ብዬ አላውቅም። ሊቅ ያደረግኩትም ልጅ የለም፤ ትምህርት ቤት ገብተው መደመር እንኳ የሚያታግላቸው አሉኝ። እኔ 'ዝም በሉ' እያልኩ የኖርኩት እናንተን ነው። እሱም አልሠራም።"