ትራኳ የተነሳችበት ጠዋት

ታላቅ ወንድሜ ትራክ ነጂ ነበር። ካንሰሩ ብሶበት አሌክሳንድሪያ ሆስፒታል ሲተኛ፣ ትራኳ ከዚያ በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ ርቀት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ቤት አጠገብ ቆማ ቀረች። አንድ ብርዱ ያየለበት ጠዋት ልጠይቀው ልወጣ ስል ደወለልኝ።

«ከመምጣትህ በፊት ትራኳን አስነሳልኝ» አለኝ።

«ጋሼ፣ ነገ አስነሳታለሁ። መጀመሪያ አንተን ልይህ።»

«ዛሬ ነው ያልኩህ!»

ወደ ትራኳ ሄድኩ። ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ አቃስቶ ዝም አለ። ናፍጣው በብርዱ እንደ ቅቤ ረግቷል። እሱ በስልክ እየመራኝ የሞተሩን ማሞቂያ ኤሌክትሪክ ላይ ሰካሁ፣ የናፍጣ ማጣሪያውን ፊልትሮም ቀየርኩ። ጣቶቼ ደንዝዘው መፍቻ መያዝ አቃታቸው። ሦስት ሰዓት ያህል ከጠበቅኩ በኋላ ሞተሩ ነጭ ጭስ ተፍቶ ተነሳ። ድምፁን እንዲሰማ ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋሁለት። አዳመጠ።

«ጎበዝ» አለኝ፣ ድምፁ ደክሞ። «ትንሽ ትሙቅ፤ ቶሎ አታጥፋት።»

አሌክሳንድሪያ ስደርስ ዓይኑ ተከድኗል። እጁን ብይዘው፣ ብጠራው አልመለሰልኝም። በማግስቱ አረፈ።

ስታስታምመው የቆየችው ሐበሻ ነርስ ኮሪደር ላይ አቅፋኝ አለቀሰች። «ያን የደወለልህ ዕለት ከንጋት ጀምሮ ሲሰቃይ ነበር» አለችኝ። «‹ወንድምህን ኮል ላድርገውና ይምጣ?› ስለው፣ ‹ተይው፣ እንዲህ ሆኜ አይየኝ። ሥራ ሰጥቼዋለሁ› አለኝ።»

ለእኔ አስቦ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሲሰቃይም ቢሆን አጠገቡ መሆን ነበር የምፈልገው።