ጋሽ ሜትሮና ሁለቱ የደም ማቅጠኛዎች

ልብስ ሰፊው ጋሽ ሜትሮ የልቡን ቧንቧ ሊያስከፍት በተኛበት አልጋ ላይ ቀና ብሎ ሐኪሞቹን አፋጠጣቸው አሉ። ሁለት ዓይነት የደም ማቅጠኛ ኪኒን ቀርቦለት፣ አንዱን እንደ ጨርቅ በጣቱ አሻሽቶ፣ ሌላውን ወደ መብራት አንስቶ አይቶ፣ “ይኼ ይሻላል” ብሎ መረጠ አሉ። ሻይ ቤት ወሬ በብርጭቆ ገብቶ በበርሜል ነው የሚወጣው፤ አመሻሹ ላይ ዋናው ሐኪም ቆቡን አውልቆ እጅ ነስቶታል።

ነገሩስ ያጠራጥር ነበር። ጋሽ ሜትሮ የራሱን ጫማ እንኳ ሚስቱን ሳያማክር መርጦ አያውቅም። ደግሞ ጠዋት ሊታከም ሄዶ ለምሳ ቤቱ ደረሰ፤ የልብ ሕክምና ሱሪ ማሳጠር ነው እንዴ? ግን ጥሩ ወሬ በጥያቄ የሚያበላሽ ማን አለ? እሱም ዝም አለ። ጉድ የሠራው ዝምታው ነው። ጎረቤት ሁሉ ኪኒኑን በላስቲክ ቋጥሮ “እስቲ እየው” እያለ ይመጣ ጀመር፤ አንዷማ የሳል ሽሮፕ ይዛ መጣች። በየጥያቄው አንገቱ ወደ ትከሻው እየሰመጠ ሄዶ፣ ኮሌታ ቢለካ ኖሮ ሜትሩ የሚያርፍበት አያገኝም ነበር።

እውነቱ ያለው የሸሚዝ ቁልፍ የሚያጠራቅምበት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ሆስፒታሉ የቆየውንና አዲሱን ደም ማቅጠኛ እያወዳደረ ነበር፤ የትኛው ለማን እንደሚደርስ የሚወስነው ዕጣ ነው። የደረሰውን እስከ ቀጠሮው በየቀኑ እንዲውጥ ነገሩት። በጀመረ ማግስት መርፌ ጣቱን ወጋው። ሌላ ጊዜ ጣቱን መጠጥ አድርጎ የሚተወው ደም አልቆም ብሎ የሙሽሪት ነጭ ቬሎ ላይ ተንጠባጠበ። ሙሽሪት አለቀሰች፤ እናቷማ እስከ ሰባት ትውልዱ አልማረችውም። ከዚያ ወዲያ መዋጡን ትቶ ኪኒኖቹን ከሸሚዝ ቁልፎች ጋር ደባለቃቸው። በቀጠሮው ጠዋት ነርሷ “ወስደዋል?” ስትለው፣ “እንዴታ!” አለ።

አልጋው ላይ ከወጣ በኋላ አንዲት ወጣት ሐኪም ቧንቧው ውስጥ የምትተክለውን የሽቦ ቱቦ አሳየችው። ያለ መድኃኒቱ ደም ይረጋበታል፣ ከረጋ ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል አለችው። ላብ አጠመቀው። ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ አለመዋጡን ተናገረ። አልተቆጣችውም፤ የባሰውም ይኼ ነው።

“አባቴ፣ ቀስ ብለው ይውረዱ” ብላ ቀጠሮውን አዛወረችለት። አሁን ሚስቱ እንደ ሕፃን አፉን እያስከፈተች ነው የምታስውጠው።

የልጅነት ጓደኛው አናጢው በዚያው ሕመም እዚያው ሆስፒታል ለሐሙስ ቀጠሮ ተይዞለታል። ማክሰኞ ሱቁ መጥቶ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠና በዕጣ የደረሰውን መዋጥ እንዳቆመ በኩራት አወራ።

“ካንተ አላንስም፤ እኔም እዚያው አልጋው ላይ ነው የምመርጠው” አለ። “ብቻ የቱን ልበላቸው?”

ልብስ ሰፊው ቆርቆሮውን አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። ከቁልፎቹ መሀል ኪኒኖች ተንከባለሉ። አናጢው አንዱን አንስቶ የክር ቀዳዳ ፈለገበት።

“ቀዳዳ የለውም” አለ ጋሽ ሜትሮ፣ ቀና ብሎ ሊያየው አቅቶት። “ስማኝ። ምንም አልመረጥኩም። ማንንም አላፋጠጥኩም። እጅ የነሳኝም የለም። ሳልውጥ ዋጥኩ ብዬ ዋሽቼ ነው ከአልጋ ያወረዱኝ። ይልቅ ተነስና ደውልላቸው፤ ማቆምህን አሁኑኑ ንገራቸው።”